የአባቴ ካፖርትና የሰኔ እርሻ

ባለፈው፣ ሰኔ ገና ሲብት፣ ወሰን ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ እልልታ ሰማሁ። እልል የምትለው ከጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራየችው ጎረቤቴ ነበረች። ጦርነት ከእርሻዋ አፈናቅሏት ሁለት ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት ናት። ልብስ እያጠበች ስልክ ተደውሎላት፣ የሳሙናውን ውሃ በእግሯ ደፍታው ወደ እኔ ሮጠች። "እማማ፣ ተዘራ! ወንድሜ አገር ገብቶ ዘራልኝ!" ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ሌላው ተከራይ፣ ቢሮ የሚሠራው ልጅ፣ ብቅ ብሎ "ሎተሪ ደረሳት እንዴ?" አለኝ። እኔ ግን ነገሩ ገባኝ፤ እሷን እንዳቀፍኩ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ።

እኔ የእንጦጦ ልጅ ነኝ። ከራጉኤል ወዲያ፣ ባሕር ዛፉ አልቆ ሜዳው ሲጀምር አባቴ የገብስ ማሳ ነበረው። ብርዱ ከገብስ በቀር ብዙም አያበቅል። የዚያ ገብስ በሶ ግን፣ እህህ፣ ዛሬ ከሱቅ የሚገዛው አፈር ነው። ብቻ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ኮረዳ ሆኜ ነው፣ በደርግ ጊዜ። አባቴን በሚያዝያ ለጦር ሜዳ ወሰዱት። የመንደሩ ወንድ ግማሹ ዘመተ፣ ግማሹ ጫካ ገባ። ድሮ ደቦ ሲጠራ አሥር ጥማድ በሬ የሚሰለፍበት ሜዳ ጭር አለ። እናቴ አራስ ነበረች። ጎተራው ተጠርጎ አንድ ጆንያ የዘር ገብስ ብቻ ቀርቶናል፤ ታናናሾቼ ሲርባቸው ዓይናቸው እሱ ላይ ነው። "ይሄን ከበላን ከርሞ የለንም" ትላለች እናቴ። ዝናቡ ደግሞ ጀምሯል። ሰኔ ሳይዘራ ካለፈ ዘሩም ያው ተበልቶ ማለቁ ነው።

በኛ አገር ሴት እርፍ አትይዝም። ካረሰች ዝናብ ይሸሻል ይባል ነበር። እናቴ ሦስት ቀን ስታስብ ከረመችና "በይ ጥመጂ፤ ከሸሸም ይሽሽ!" አለችኝ።

ጠመድኩ። በሬዎቻችን ዳለቻና ቦራ ግን ንቅንቅ አላሉም። ብጮህ፣ ጅራፍ ባጮህ፣ ዳለቻ ዞር ብሎ አየኝና ማመስኳቱን ቀጠለ። ያኔ እናቴ አባቴ ሲያርስ የሚለብሳትን አሮጌ ካፖርት አምጥታ አለበሰችኝ። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰች። ላብና ጭስ፣ አባቴን አባቴን ትሸታለች። ዳለቻ አሸተተኝ፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ሄደ!

ለካ ከታች አንድ ሰው አይቶኝ፣ በካፖርቷ አባቴ መስየው ኖሯል። "ያ ሰውዬ ከጦር ሜዳ ከድቶ እርሻው ላይ ነው" ብሎ ለገበሬ ማኅበሩ ተናግሯል። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ታጣቂዎች ከባሕር ዛፉ ውስጥ ብቅ አሉ።

"ቁም! እጅ ወደ ላይ!"

እጄን ባነሳ እርፉ ያመልጠኛል፤ ባላነሳ ሊተኩሱብኝ ነው። "እኔ ብቆምም በሬዎቹ አይቆሙልኝም!" ብዬ ጮህኩ።

ትልቁ ታጣቂ፣ አያ ደምሴ የሚባል የማዶ ሰፈር ገበሬ፣ ድምፄን ሲሰማ መሣሪያውን አወረደ። ቀርቦ የካፖርቱን ኮሌታ ገለጥ አደረገ።

"ጉድ በል! ይቺን ነው አድፍጠን የከበብነው?" ብሎ ሳቀ። ወደ ማሳው ዞረና ደግሞ፣ "አንቺ፣ ይሄ ትልም ነው ወይስ የቀበና ወንዝ?"

"አያ፣ ካልወደድከው ናና አቅናው!" አልኩት፤ ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለውጦ።

"ምን ብለን ሪፖርት እናድርግ?" አለ ጓደኛው።

"ሂድና የተገኘው ካፖርት ብቻ ነው በላቸው።"

ጠመንጃውን ባሕር ዛፍ ላይ አንጠልጥሎ እርፉን ያዘ። ዳለቻ እንደገና ግግም አለ። "ካልለበስካት አይሄዱም" አልኩት። ትከሻው ሰፊ ነው፣ እጅጌዋ ተተርትራ ወጣች። ከላይ የታጣቂ ቆብ፣ ከታች የአባቴ ካፖርት! ደጃፍ ላይ የነበረችው እናቴ በሳቅ ፍርስ አለች፤ አባቴ ከሄደ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። አያ ደምሴ በማግስቱም መጣ። ዘሩ መሬት ገባ፣ አመሻሽ ላይ ዝናቡ ወረደለት።

በዓመቱ አያ ደምሴም ዘመተ። ሚስቱ የዘር ቁናዋን ይዛ ደጃችን መጥታ ቆመች። እናቴ "ልጄ አለችልሽ" አለቻት። ዳለቻ ያን ጊዜ እኔንም ለምዶኝ ስለነበር፣ በሰው ሁሉ ፊት የራሴን ቀሚስ ለብሼ የሷን ማሳ አረስኩ። ሽማግሌዎቹ ፊታቸውን አዞሩብኝ። እሸቱ ሲደርስ ግን ሊቀምሱ ቀድመው የመጡት እነሱ ናቸው።

አባቴ እያነከሰ ተመለሰ፤ አያ ደምሴም ከስቶ፣ ጠቁሮ ገባ። ያልተመለሱት ብዙ ናቸው፤ ራጉኤል በወጣሁ ቁጥር ስማቸውን እጠራለሁ። ስመለስ ማሳችን በነበረበት በኩል አልፋለሁ። ዛሬ ወጣቶች በቱታ ሽቅብ ይሮጡበታል፤ "አይዞዎት እማማ" እያሉኝ ያልፋሉ። ድንጋይ ላይ አረፍ እልና አስባለሁ። በጦርነት ጊዜ ገበሬ ቤት ያለ ሰው ብዙ ነገር ይጠብቃል፤ ወሬ ይጠብቃል፣ የሄደ ሰው ይጠብቃል። ሰኔ ግን ማንንም አትጠብቅም። ያን ዓመት ለጥቂት ደረስንባት፤ ይሄን ሳስታውስ እስከ ዛሬ ደረቴን ቅልል ይለኛል።