የናቀኝ በሽታ

ከአምቦ የወጣሁበትን ምሽት ላስቀድም። ሚኒባሱ ደጃችን ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ሾፌሩ «ኦቦ ለሜሳ፣ አውሮፕላን እንደ ባጃጅ አይጠብቅም!» ይላል፤ እኔ ግን ዋንጫ ሙሉ ፋርሶ፣ የቤታችንን ጠላ፣ ይዤ ሚስቴ ጫልቱ የተኛችበትን ክፍል በር አንኳኳለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኖርዌይ የሚኖረው ልጃችን ቶሌራ ለሁለታችንም ቪዛ አስወጥቶልን ነበር። አዲስ አበባ ሄደን የኮሮና ምርመራ አድርገን ተመለስን። በማግስቱ ውጤቱ በስልክ መጣ፤ እኔ ነጻ ነኝ፣ እሷ ተይዛለች። አንድ አልጋ ላይ የምንተኛ፣ ከአንድ ትሪ የምንበላ ሰዎች! ቪዛው ደግሞ ጊዜው ሊያልፍ ነው። ቶሌራ በስልክ «አባዬ፣ አንተ ቅደም፤ እሷ ሲሻላት ትከተልሃለች» አለኝ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ መናገር አለብኝ፤ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገርልኛል? የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት የእህል ጆንያ ላይ ከታተመ ጽሑፍ ነው፤ እንግሊዝኛም ከሞተር ላይ ከተለጠፈ ብረት ተምሬአለሁ። ከጉደር እስከ ባኮ ቀጥ ብሎ የቆመ ወፍጮ ሁሉ የተነሣው በእነዚህ እጆች ነው። ኮሮና የመጣ ጊዜ እድራችን አስከሬን የሚገንዝ ሰው ሲያጣ የጠራው እኔን ነበር። ታናሽ ወንድሜን ደረቴ ላይ አስደግፌ ውሃ አጠጥቼው፣ እላዬ ላይ እየሳለ ሞቷል። አብረውኝ የገነዙት አልጋ ያዙ፤ እኔ አላስነጠስኩም። ገበያ ውስጥ «ኮሮና ኦቦ ለሜሳን ስታይ መንገድ ትቀይራለች» ይባል ነበር፤ ሰምቼ ዝም እላለሁ፣ ግን ደረቴን ነፋ አደርጋለሁ።

ያን ዕለት ምሽት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታው እንዲይዘኝ ፈለግሁ።

«ጫልቱ፣ ክፈቺ።»

«አባ ቶሌራ፣ ሂድ ወዲያ! መኪናው ጥሎህ ይሄዳል።»

«ዋንጫ ይዣለሁ።»

በእኛ ዘንድ በጣም የሚዋደዱ ሰዎች ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ዋንጫ እኩል ይጠጣሉ። እንዲህ የጠጡ ሰዎች ዕጣቸው አንድ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። እኛ በሠርጋችን ቀን ጠጥተናል። ስለዚህ አሰብኩ፤ ዋንጫው ያኔ ካሰረን ዛሬም ያስረናል። እዚያ ስደርስ በምርመራ ይይዙኛል፣ ወደመጣህበት ተመለስ ይሉኛል፣ ከእሷ ጋር ታምሜ ከእሷ ጋር እድናለሁ። ማንም ፕሮፌሰር ያላሰበው ዘዴ!

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ጉንጬን ጉንጯ ላይ ሳስጠጋ ትኩሳቷ አቃጠለኝ። «አንተ እብድ ሽማግሌ» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ሳል ሆነባት። ጠጣን። ግማሹ በአገጫችን ፈሰሰ። «ነጋቲ ዴሚ» አለችኝ፣ በሰላም ሂድ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አውሮፕላኑ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳላስይዝ ማስክ በማስክ ደርቤ፣ ምግብ ሲመጣም ሳልገልጠው፣ ጾሜን በርገን የምትባል ከተማ ደረስኩ። አንድ ሆቴል ውስጥ ለብቻዬ አስቀመጡኝ። አንዲት በዕድሜ የልጅ ልጄ የምትሆን ነርስ መጣችና «ለሜሳ!» አለችኝ። ኦቦ የለ፣ አቶ የለ፣ እንደ ጠፋ ጥጃ። አፍንጫዬን መርምራ ጠበቀችና ፈገግ አለች።

«ኔጋቲቭ! ግራቱሌሬር!» እንኳን ደስ አለህ ማለቷ ነው።

«ኖ። ሉክ አጌን» አልኳት።

«ኔጋቲቭ፣ ኔጋቲቭ!»

«ማሽንሽ ተበላሽቶ ይሆናል፤ መፍቻ ስጪኝና ልየው» አልኳት በአማርኛ። ምንም ሳይገባት ሳቀች። ከቀናት በኋላ ተመልሳ መረመረችኝ፤ ያው ግራቱሌሬር ነው። በሕይወቴ እንደዚያ አስቀያሚ የእንኳን ደስ አለህ ሰምቼ አላውቅም።

ስለ አገሩ ምን ልንገራችሁ? የእኛ ዝናብ ክረምት ገብቶ መስቀል ሲደርስ ያፍራል፤ የዚህ ዝናብ ሐፍረት የለውም። ምሳቸው ቀዝቃዛ ዳቦ ነው። ቶሌራ የቧንቧ ውሃ በማሽን ነፍቶ አረፋ ያስወጣውና «አባዬ፣ እንደ አምቦ ውሃ ነው» ይለኛል። ከምንጩ እየፈላ ሲወጣ አጎንብሼ ለጠጣሁት ለእኔ! ጎረቤቶቻችን ሊፍት ውስጥ ሲገቡ የሚያዩት ቁልፉን ነው። እኛ አገር «አካም ቡልቴ»፣ እንዴት አደርክ፣ ተብሎ፣ ከብቱ ልጁ ተጠይቆ፣ ሰላምታው ሳያልቅ እኮ መንገዱ ያልቃል።

ጫልቱ አልሞተችም። ግን አልዳነችም። ሳንባዋ ጠባሳ ሆኖ ቀረ። ከአልጋዋ አጠገብ በመብራት የሚሠራ የኦክስጅን ማሽን ተተክሎላት በቱቦ ትተነፍሳለች፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ከአንዲት ትንሽ ሲሊንደር፤ ሐኪሟ አውሮፕላን የማይታሰብ ነው ብሏል። ታዲያ አንተ ለምን አትመለስም ትሉኛላችሁ። ቶሌራ ሚስቱ ትታው ሄዳለች፤ እሱ አውቶቡስ ሲነዳ ይውላል፣ ያመሻል፤ ትንሿን ልጁን የምይዝለት እኔ ነኝ። የእናቱ ማሽንም መድኃኒትም ከዚያ መሪ ላይ ነው የሚወጣው። እኔ እዚህ ካልተቀመጥኩ እሷ እዚያ አትተነፍስም።

እዚህም በሽታው ቤታችን ገብቶ ነበር። ቶሌራ ተያዘ፤ የልጅ ልጄ ተይዛ ጭኔ ላይ ተቀምጣ አፌ ውስጥ ሳለችብኝ፤ እኔ ምንም። ወሬው ቶሌራን ለሚያክሙት ሰዎች ደረሰና፣ ደጋግመው ተጋልጠው ያልተያዙ ሰዎችን የምታጠና ሐኪም ደሜን ፈለገች። ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባት አስሬ ሄድኩ። አስቡት፣ ከወፍጮ ቤት ወጥቶ ደሙ ለምርምር የተፈለገ ሰው! ደሜን የሰጠሁት ግን በልቤ አንድ ነገር ይዤ ነው።

ውጤቱን ልትነግረኝ የጠራችኝ ዕለት ቶሌራ አስተረጎመ።

«በደምህ ውስጥ በሽታው ይዞህ ያለፈበት ምልክት የለም» አለች። «ምናልባት ድሮ የያዘህ ጉንፋን ሰውነትህን አስተምሮት ይሆናል። ምናልባት ከወላጆችህ የወረስከው ነገር ይኖራል። እርግጡን አናውቀውም። አንተ ምን ይመስልሃል?»

«የአምቦ ምንጭ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ጠጥቼዋለሁ።»

«ሚስትህስ የት አደገች?»

«እዚያው።»

ቶሌራ ይህን ሳይተረጉም ቀረ። ፊቴን አይታ ግን የገባት መሰለኝ።

ያን ጊዜ በልቤ የያዝኩትን አወጣሁ። «ደሜ በሽታውን እምቢ ካለ ለእሷ ስጧት። እስኪበቃ ቅዱ። ሽማግሌ ነው ብላችሁ አትሣሡ።»

ሐኪሟ መነጽሯን አወለቀች። ቶሌራ ተረጎመልኝ፤ «በሽታውማ ከእሷ ከወጣ ቆይቷል አባዬ። የቀረው ጠባሳው ነው። ጠባሳን ያንተም ደም፣ የማንም ደም አያነሣውም ነው የምትለው።»

ስንት ሞተር አስነሥቻለሁ። ናፍጣ አልቆበት የቆመና ውስጡ ተበልቶ የቆመ ሞተር እንደሚለያዩ አውቃለሁ።  ስወጣ «ቱሰን ታክ» አለችኝ፣ ሺህ ምስጋና። ሺውን ይዤ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ደወልኩ። ጫልቱ አነሣች፤ ከበስተኋላዋ የለመድኩት የማሽኑ ድምፅ የለም።

«መብራት ሄደ?»

«ከጠዋት ጀምሮ» አለች። አንድ ቃል፣ እረፍት፣ አንድ ቃል። «ሲሊንደሯን... እየቆጠብኩ ነው።»

«አትናገሪ እንግዲህ።»

«አሁንም... አልያዘህም?»

«አልያዘኝም።»

«ጉረኛ።» ልትስቅ ፈልጋ ተወችው። ቆይታ «አባ ቶሌራ፣ እስኪ ተንፍስ፣ ልስማው» አለችኝ።

ስልኩን አፌ ላይ አስጠግቼ፣ የልጅ ልጄ ዞር ብላ እስክታየኝ ድረስ፣ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ስቤ አወጣሁት። ሙሉ ነው፤ እንከን የለውም። ደገምኩላት። ሦስተኛ ልል ስል «ይበቃል» አለችኝ።

ስልኩን ከአፌ ወደ ጆሮዬ መልሼ፣ የእሷን ትንፋሽ ልሰማ ተራዋን ጠበቅሁ።