የ«ረግጠሽ ግቢ» ድምፅ

ቤሪል ታንዲ በአሥራ አምስት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ እንግሊዝ አገር፣ ዋልሶል ከተማ ውስጥ ካሉት ኮርቻ መስፊያ ቤቶች በአንዱ ተቀጠረች። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት የግራ አውራ ጣቷ በወስፌ ከመበሳሳቱ የተነሳ እንደምትሰፋው ቆዳ ደርቆ ነበር። በሁለት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ሬይ ቀን ቁልፍ ፋብሪካ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሁድ «የመዳብ ቁራዎች» በሚባል ባንድ ውስጥ ድራም ይመታል። የባንዱን ልብስ የምትሰፋው ቤሪል ነበረች። የሚያብረቀርቀውን ጨርቅ፣ የትከሻውን ክንፍ፣ ሲቀመጡ የሚተረተረውን ጠባብ ሱሪ ሁሉ እሷ ነች የሠራችው።

ዘፋኙ ክላይቭ ሆርተን መልከ መልካም ለመሆኑ የሚጠሉት እንኳ ይመሰክሩለታል። ድምፁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

በ1973 ኖቬምበር ላይ ለንደን ውስጥ አንድ ነጠላ ዜማ እንዲቀዱ ዕድል አገኙ። ቤሪል አብራቸው የሄደችው የክላይቭ ሱሪ ዚፕ ሊነሱ ሲሉ ስለተበጠሰ ብቻ ነው፤ ቫኗ ውስጥ ሆና መጠገን ጀመረች፣ ስቱዲዮ ሲደርሱም አልጨረሰችም። ዘፈኑ «ረግጠሽ ግቢ» ይባላል። አዝማቹ የሚያልቀው ረጅም፣ ሻካራ ጩኸት ላይ ነው። ክላይቭ ያቺን ጩኸት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሞክሮ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተሰበረችበት። ቤሪል ጥግ ላይ ተቀምጣ ሳይታወቃት ታንጎራጉር ነበር። ፕሮዲውሰሩ ሰማት።

«አንቺ፣ ባለመርፌዋ፣ እስቲ ወደዚህ ነይ» አላት።

አዝማቹን ዘፈነች። ቀጥሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሙሉውን አዘፈኗት። ድምፅዋ ወፍራም ስለነበር የጎረምሳ ነው ቢባል ማንም አይጠራጠርም። ወደ ቤት ሲመለሱ ከሬይ በቀር ማንም አላናገራትም። እሱም የዘፈነው ክላይቭ ነው ተብሎ ነገሩ እዚያው እንዲቀር ነገራት። ይህን ያስባለው ክላይቭ ነው ብላ አመነች፤ ለወንድሟ ስትል እሺ አለች።

ሸክላው የወጣው በክፉ ጊዜ ነው። ነዳጅ ጠፍቶ ፋብሪካው ሁሉ በሳምንት ሦስት ቀን ይሠራል፤ ሸክላ የሚታተምበት ፕላስቲክ ራሱ እጥረት ነበረበት። ጥቂት መቶ ቅጂ ብቻ ታተመ። ክላይቭ በአንድ የልጆች ቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ በፕሌይባክ ቀረበና አፉ ከድምፁ ኋላ ኋላ ሲከተል አገር አየው። በጸደይ ባንዱ ፈረሰ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ክላይቭ ኮርቻ ቤቱ ድረስ መጣ። «ያበላሸሽው አንቺ ነሽ» አላት በሠራተኛው ሁሉ ፊት፤ «ጅራቷን እንደረገጧት ድመት ነው የጮህሽው።» ሴቶቹ ነገሩ ሳይገባቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮርቻ ቤቱ ውስጥ ስሟ «ድመቷ» ሆነ። በዚያ ስም ሠላሳ ዓመት ሠራች፤ ዳግመኛ ስታንጎራጉር የሰማት የለም።

ዘፈኑ ከተቀዳ አርባ ዓመት ሲጠጋ ያን ሸክላ የሚያሳድዱ ሰዎች ብቅ ማለት ጀመሩ። አንዱ ጀርመን ውስጥ ጭፈራ ቤት አጫወተው፣ ሌላው ኢንተርኔት ላይ ጫነው። በመጨረሻ የከተማው የእግር ኳስ ክለብ ተጫዋቾቹ ሜዳ ሲገቡ ይከፍተው ጀመር፤ ደጋፊው አዝማቹ ላይ ሲደርስ መቀመጫውን በእግሩ ይደልቀዋል። ፀጉሩን ቀለም የሚቀባው ክላይቭ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ ያቺን ጩኸት ለማውጣት ሦስት ቀን ማር ብቻ በልቼ ነበር ብሎ አወራ።

ቤሪል ለጋዜጣው አጭር ደብዳቤ ጻፈች። የዘፈንኩት እኔ ነኝ፣ ወንድሜን ጠይቁት አለች። ጠየቁት። «እህቴ ሱሪ ነው የሰፋችው» አላቸው ሬይ፤ «ዕድሜ ነው፣ አትፍረዱባት።» ይህም ታተመ። የኮርቻ ቤት ስሟን የሰሙ ጎረምሶች አውቶቡስ ፌርማታ ላይ እንደ ድመት ይጮሁባት ጀመር። የተጠበሰ ዓሣ የምትገዛበት ሱቅ ባለቤት፣ ሰው ተሰልፎ እየሰማ፣ ለዘፋኟ ዓሣው ላይ ኮምጣጤ ልጨምርላት ወይ ብሎ ጠየቃት። ዓሣውን እዚያው ትታው ወጣች።

ከዚያ ጁልያን አስክዊዝ የሚባል ሸክላ ሰብሳቢ ከሊድስ መጣ። የተዘጋው ስቱዲዮ ዕቃ ሲሸጥ የድሮ ካሴቶቹን የገዛው እሱ ነበር። በሙከራዎቹ መሃል ቀረጻው ስላልቆመ የስቱዲዮው ወሬ ሁሉ አብሮ ተቀድቷል። «ወይዘሪት ታንዲ፣ መስማት ያለብዎት ይመስለኛል» ብሎ ወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ላይ ከፈተላት።

መጀመሪያ ፕሮዲውሰሩ፣ እሷ በሌለችበት፣ የልጅቷ ስም ሸክላው ላይ ይጻፍ ሲል ተሰማ። ከዚያ ክላይቭ፤ «ይጻፍ እንጂ፣ እኔ ምን ቸገረኝ። ሰው የሚያየው ፊቴን ነው።» ከዚያ የሬይ ድምፅ መጣ።

«አይጻፍም። እሷ ከእኛ ጋር አይደለችም።»

ደግሞ እንዲያሰማት ጠየቀችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ሰውዬው መሣሪያውን መዝጋት ጀመረ።

የሬይ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ሳንባው ታሞ ስለነበር ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ የፈረስ ውድድር ያያል። ካፖርቷን ሳታወልቅ ቆመችበት።

«'እሷ ከእኛ ጋር አይደለችም' ስትል ሰማሁህ» አለችው።

ሬይ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰ። «በሁሉም ነገር ትበልጪኝ ነበር» አላት። «በትምህርቱም፣ በእጅ ሥራውም፣ እናታችን ዘንድም። የኔ የነበረው ድራሙ ብቻ ነው። እዚያም መጣሽ።»

«የመጣሁት ዚፕ ልጠግን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ለጋዜጣው እውነቱን ተናገር።»

«አልናገርም። ካሴቱን ከፈለግሽ አውጪው፣ አልከለክልሽም።»

«ፈቃድህን አልጠየቅኩህም» አለችውና ወጣች።

ካሴቱ ወጣ፤ ሸክላው እንደገና ሲታተም ስሟ ተጻፈበት። ጋዜጣው አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ትንሽ እርማት አወጣ። ክለቡ ሜዳ ገብታ እጇን እንድታውለበልብ ጋበዛት፤ ድመት እየሆኑ የጮሁብኝ ደጋፊዎቻችሁ አይደሉም ወይ ብላ እንቢ አለች። ክላይቭ ደወለላት፣ ስምሽ ይጻፍ ያልኩት እኔ ነበርኩ ብሎ ሊመካባት። «አዎ» አለችው፤ «ከዚያ ወዲያ ግን ማር በላሁ ብለህ ለጋዜጣ አወራህ።» ስልኩን ዘጋችበት።

ሬይ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት ማርች ላይ ሞተ። ሚስቱ ጆይስ መጥታ፣ ሬሳው ሲወጣ «ረግጠሽ ግቢ» እንዲከፈት ሬይ እንደተናዘዘ ነገረቻት። ሸክላው ላይ ያለው አሁን የቤሪል ስም ነውና፣ እሷን ሳይጠይቁ መክፈቱ ደስ አላላቸውም።

«አይሆንም» አለች ቤሪል።

«ቤሪል፣ አንድ ጊዜ ብቻ እኮ ነው።»

«አንድ ጊዜ ሰጥቼው ነበር።»

ጆይስ እያለቀሰች ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ተነጋግረው አያውቁም። በቀብሩ ዕለት በዘፈኑ ፋንታ ኦርጋን ተመታ። ቤሪል የኋለኛው መቀመጫ ላይ ጥቁር ካፖርቷን እንደለበሰች እስከ መጨረሻው ተቀመጠች። ሰዉ እየዞረ ገላመጣት። አንገቷን አልደፋችም፣ አላለቀሰችም። ልክ ሠርቻለሁ ብላም ለማንም አልተናገረችም።