ጋሼ የተቃወሙኝ ቅዳሜ

ቅዳሜውን ለንባብ የሚመድብ ሰው ሰነፍ ነው፤ ስንፍናውን ግን ጥሩ ልብስ አልብሶታል። ይህን የምለው ከልምድ ነው። ጎረቤቶቼ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ ሲያጥቡና ልጅ ኳስ ሜዳ ሲያደርሱ፣ እኔ ከፓርክዴል ተነስቼ በባቡር ዳንፎርዝ ድረስ እየሄድኩ ስለሌለ ፕላኔት የአየር ጠባይ እከራከር ነበር። የቶሮንቶ የአየር ጠባይ ለክርክር እንደማያንስ ጠፍቶኝ አይደለም።

ማኅበራችን ስም አልነበረውም። ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የምናነብና ይህንንም ከዘመድ የምንደብቅ ጥቂት ሐበሾች ነን። በእኛ ዘንድ ጎልማሳ ሰው ታሪክ ወይም ፖለቲካ ቢያነብ ያምርበታል፤ ስለ ጠፈር መርከብ እንደሚያነብ ከተሰማ ግን "ደህና ነው ወይ?" ተብሎ ይጠየቅለታል። በየሦስት ሳምንቱ አንድ ምግብ ቤት ፎቅ ላይ እየተሰበሰብን በመረጥነው መጽሐፍ ላይ እንጣላለን።

ጠባችን ሥርዓት ነበረው። መጀመሪያ ታናናሾቹ ይናገራሉ፣ ከዚያ እኔ፣ በመጨረሻ ጋሼ ያጠቃልላሉ። ጋሼ የሁላችንም ታላቅ፣ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ማጠቃለያቸው አጭር ነበር። ሁሉም በእኔ ላይ ተነስቶ ሲያበቃ፣ ጋሼ ወደ እኔ ጠቆም አድርገው "እሱ እንዳለው ነው" ይሉና ምርቃት ያስከትላሉ። ብዙ ሰው የተስማማበት ነገር ስሕተት ነው የሚል የቆየ እምነት አለኝ፤ አንድ በሳል ሰው ግን ከጎኔ ሲቆም ደስ አይለኝም ብዬ አልዋሽም።

ይህ ሰላም የደፈረሰው አንዲት ነርስ የማኅበሩ አባል ዲጂታል መጽሐፍ ማንበቢያ ይዛ በመጣች ቀን ነው። ያኔ ነገሩ ገና ብርቅ ነበር። ከቸኮሌት ብዙ የማይወፍር ግራጫ ሰሌዳ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ በኢንተርኔት የሚያውሰው መጽሐፍ ይጫንበታል፣ ፊደሉ እንደፈለጉት ያድጋል። ሰሌዳው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እኔ አልነካሁትም።

"ባትሪው የሚያልቅ ነገር የእጅ መብራት እንጂ መጽሐፍ አይባልም" አልኩ።

"አንተ ሰውዬ" አለ ታክሲ የሚነዳው ጓደኛችን፣ "ስለ ሮቦት ስታነብ ታድራለህ፣ ማሽን ስታይ ትሸሻለህ!"

"ስለ ጅብ የሚያነብ ሁሉ ጅብ ያሳድጋል?"

ነርሷ ሳቀችና ሰሌዳውን ለአንድ ሰው እንደምታውስ፣ ማን እንደሚወስደው ግን በዕጣ እንደሚለይ ተናገረች። ከእኔ በስተቀር ሁሉም ስሙን አስጻፈ። ጋሼም "የእኔንም ጨምሪ" አሉ። አጋሬ ከጠላት ጋር ሲሰለፍ እንደማየት ነበር። ነርሷ ብጥስጣሽ ወረቀቶቹን በቆብ ውስጥ በጥብጣ አንዱን አወጣችና "ጋሼ ደረሳቸው!" አለች። ጋሼ ሰሌዳውን እንደ ፓስፖርት በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱት።

የዚያን ጊዜ መጽሐፋችን ስለ አንዲት ብቸኛ ሴት ነበር። በአንዲት የበረዶ ጨረቃ ላይ ሆና አላፊ አግዳሚ መርከቦችን በብርሃን ትመራለች። በመጨረሻ እሷን ወደ ሰው አገር የሚመልስ መርከብ ይመጣል። እንግዲህ ትሳፈራለች ወይስ አትሳፈርም? እኔ በወረቀቱ አንብቤ ጨርሼ፣ ፍርዴንም አዘጋጅቼ ቅዳሜን እጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። "ስብሰባው ሳይደርስ ና" አሉኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመሩም። ድምፃቸው ደስ ስላላለኝ ፈጥኜ ወጣሁ።

የሚኖሩት ከዳንፎርዝ ብዙ በማይርቅ ሕንፃ ላይ ነው። ስገባ ሰሌዳው እንደ በሽተኛ ፎጣ ተነጥፎለት ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል።

"የሰው ዕቃ አበላሸሁ" አሉ። "ትናንት ማታ ነበረ። ዛሬ ስከፍተው መጽሐፉ የለም። ምኑን እንደነካሁት እንጃ።"

"ምንም አይደል፣ እሷ አትቆጣም።"

"የእሷማ ቁጣ ይቻላል። ጥቂት ገጽ ነው እኮ የቀረኝ! መርከቡ መጥቷል፣ በሩ ተከፍቷል፣ ትሳፈር አትሳፈር አላወቅሁም። እንቅልፍ አሸንፎኝ ነው ትናንት ያልጨረስኩት።"

እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። የማሽን ውድቀት በዓይኔ እያየሁ ነው። ወረቀቱን መጽሐፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈትኩላቸው። "ይኸው። ወረቀት ሌሊት ተነስቶ አይጠፋም።"

ጋሼ መጽሐፉን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ መስኮቱ ወሰዱት። ከዚያ ቀስ አድርገው ዘጉትና ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

"አይታየኝም" አሉ።

"መነጽርዎን ላምጣ?"

"መነጽሩ አፍንጫዬ ላይ ነው፣ ልጄ። መነጽር አልፎታል። ሐኪሙ የሚሻለው ነገር የለም፣ የሚብሰውም በዝግታ ነው ብሎኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ስለ ማርስ ያነበባችሁት ጊዜ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ አቆምኩ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩት መጽሐፍ ይህ ብቻ ነው። ፊደሉን ሳሳድገው፣ ሳሳድገው፣ በመጨረሻ ታየኝ።"

የማርሱን መጽሐፍ ካነበብን ሁለት ክረምት አልፏል። "ታዲያ አስተያየት ሲሰጡ የነበረው?"

"አስተያየትማ አንተ ትሰጣለህ። ለእኔ ማጠቃለል ብቻ ነበር የሚቀረኝ።"

ላንብብልዎ አልኳቸውና ጀመርኩ። ግማሽ ገጽ ሳልሄድ እጃቸውን አነሱ።

"ይቅርብኝ። እሷ ገና ሳትወስን አንተ ፈርደህባታል፣ ድምፅህ ያስታውቃል። ራሴ ነው ማንበብ የምፈልገው።"

ስለዚህ የማሽን ጠላት የሆንኩት ሰው ማሽን ለማሳከም ስልክ አነሳሁ። ነርሷ ከት ብላ ሳቀች። "ኤክስፓየር አድርጎ ነው እኮ! የላይብረሪ መጽሐፍ ቀኑ ሲሞላ ራሱ ይመለሳል። ማንም አላበላሸም፣ ንገራቸው።"

ነገርኳቸው። "በራሱ ሄደ? ሰው ሳይመልሰው?" አሉና በአድናቆት ሰሌዳውን አዩት። እኔ በሕይወቴ አንድም የተዋስኩትን መጽሐፍ በቀኑ መልሼ አላውቅም።

ነርሷ ግን ስልኩን አልዘጋችም። "ወደ ኮሪደሩ ውጣ" አለችኝ። ወጣሁ። "አሁን ገና የዓይናቸውን ነገር አወቅህ? እነዚያ ብጥስጣሾች ላይ የጻፍኩት የሳቸውን ስም ብቻ ነበር።"

"አንቺ እንዴት አወቅሽ?"

"ሜኑ አንብበው ሲያዙ አይተህ ታውቃለህ? አስተናጋጇ ስትመጣ አንተን ያዳምጡና 'ለእኔም እንደሱ' ይላሉ።"

አይቼ ነበር። ጣዕም የሚያውቁ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የተረጎምኩት።

"ታዲያ ለምን በግልጽ አልሰጠሻቸውም?"

"ለትልቅ ሰው 'ዓይንዎ ደክሟል፣ እንኩ' ይባላል? በል እስቲ አንተ ሞክረው! ዕጣ ሲሆን ግን ማን ያፍራል? አሁን ይዘሃቸው ና፣ ላፕቶፔን አመጣለሁ። ሌላ ሰው ቀድሞ ካልተዋሰው መልሼ ሎድ አደርግላቸዋለሁ።"

"ገጽ የሌለው መጽሐፍ ወረፋ አለው?"

"አለው። አትጨቅጭቀኝ።"

ምግብ ቤቱ ስንደርስ ሁሉም ተሰብስቦ ነበር። ነርሷ ላፕቶፗን ከፍታ ታስሳለች፤ ጋሼ ኮታቸውን ሳያወልቁ አጠገቧ ቆመዋል። እኔ ለአንድ ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ስጸልይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። "አለ! ማንም አልወሰደውም" አለች። ሽቦው ተሰካ፣ መጽሐፉ ተመለሰ፣ ጋሼ ተቀመጡ፣ ማንበብ ጀመሩ።

ፊደሉ እጅግ ከማደጉ የተነሳ በአንድ ገጽ የሚገባው አንድ ዐረፍተ ነገር ቢሆን ነው። ቁልፏን ይጫናሉ፣ ያነባሉ፣ እንደገና ይጫናሉ። ታላቅ ሰው እያነበበ ስብሰባ አይከፈትም፤ ስለዚህ ሁላችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ታክሲ ነጂው "ሺፍት አለብኝ" ብሎ ሲያጉረመርም ነርሷ በክርኗ ጎሸመችው። አስተናጋጇ ሻይ ስታመጣ በጫማዋ ጫፍ ነበር የተራመደችው። ጋሼ አንድ ቦታ ላይ "እህ" አሉ። ሌላ ቦታ ላይ ፈገግ አሉ። ከዚያ ሰሌዳውን አስቀመጡትና ዙሪያቸውን አዩ።

"ዛሬ እኔ ልጀምር።"

ሥርዓት ፈረሰ፤ ማንም ግን አልተቃወመም።

"ይህች ሴት መርከቡን ትታ ቀረች። ለምን?" ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ምን ልትል ነበር?"

"ለግዴታዋ ብላ ነው የቀረችው። ደራሲው ሥነ ምግባር ሊሰብክብን ፈልጎ መጨረሻውን አበላሸው።"

"በጭራሽ!" ጠረጴዛውን መቱት። "የምን ግዴታ? ወሬ ወዳድ ናት! ቀጥሎ ማን እንደሚመጣ ሳታይ መሄድ አልቻለችም። የሰፈር አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ማን እንደወረደ ለማየት ብቻ የምትቀመጥ ሴት አታውቅም? እሷ ናት! ደራሲው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ሲነግርህ ነበር፤ አንተ ስብከት ስትፈልግ አለፈህ። ደግሞ ስለ ማርስ ያልከውም አላሳመነኝም ነበር።"

"የማርሱን መቼ አነበቡት?" አልኩ፣ ምላሴ ቀድሞኝ።

ነርሷ መርፌውን ነቅሎ የሚሸሽ በሽተኛ እንደምታይ አየችኝ። ጋሼ ግን ሳቁ። "አላነበብኩትም። ዓይኔ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሳላነበውም አላሳመነኝም።"

ሳቁ ፎቁን አናወጠው። የዚያን ቀን ያለ አጋር ቀረሁ፤ ከሁሉም በላይ የሚገርመው ደግሞ ጋሼ ትክክል ሳይሆኑ አልቀሩም። ለቀጣዩ መጽሐፍ ዕጣ የሚጥል ሰው አልተገኘም። ነርሷ የቻርጀሩን ገመድ ጠቅልላ ጋሼ ፊት አስቀመጠችው፣ እሳቸውም ኪሳቸው ከተቱት።

ስንበተን ቤታቸው በሌላ አቅጣጫ ሆኖ ሳለ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኙኝ። ስለ ወሬ ወዳዷ ሴት ጀምረው ወደ ማርስ ተሻገሩ፣ ከማርስ እኔ ያለፈው በጋ ወዳሞገስኩት አንድ መጽሐፍ። ከሥር ባቡር ሲመጣና ሲሄድ ደረጃው ላይ ቆመን ይሰማናል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሼ ጓንታቸውን አውልቀው ነጥቦቻቸውን በጣት መቁጠር ሲጀምሩ፣ እኔም ጓንቴን አወለቅሁ።