«እኔን!» በሦስተኛው ቤዝ

ልጄ ቤዝቦል ልጫወት ስትል እሺ ያልኳት መሮጥ ስለምትወድ ነው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከቡድኑ ሴት እሷ ብቻ ናት፤ የኳስ መያዣ ጓንቷን ትራሷ ሥር ካላደረገች እንቅልፍ አይወስዳትም። እኔ ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር አልነበረም። ሆስፒታል ስሠራ ውዬ፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር እዚሁ አውሮራ ከተማ፣ የሚለማመዱበት ሜዳ ጋ ፓርክ አድርጌ፣ ከሽቦው አጥር ኋላ ቆሜ አያለሁ።

የማየው ነገር ደግሞ ያናድዳል። አሰልጣኙ በዱላ መሬት ለመሬት ኳስ ይመታል፣ አንዱ ልጅ ይይዛል፣ የቀሩት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ግማሾቹ ሣር ይነጫሉ። አንዱ በጓንቱ አፈር እየዛቀ የጓደኛው ጫማ ውስጥ ይጨምራል። «የስኳር ሰልፍ ነው እንዴ ይሄ!» እላለሁ ለብቻዬ።

አንድ ማክሰኞ የልጄ ተራ ደረሰ። ኳሱ ጠጠር ነክቶ ነጠረና ከንፈሯን አላት። የአጥሩን በር እንዴት እንዳለፍኩት እንጃ፣ «እኔን! እኔን ልጄን!» እያልኩ ሜዳው መሃል ተገኘሁ። እቅፍ አድርጌ ደሟን በእጅጌዬ እየጠረግኩ ኳሱንም አሰልጣኙንም አንድ ላይ ረገምኳቸው። እኛ ቤት ልጅ ሲወድቅ «እኔን» የማይል ሰው ነው የሚያስገርመው። እዚያ ግን ሜዳው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ኳስ ሲመጣባት ፊቷን ታዞራለች፤ ኳሱም በእግሮቿ መሃል ያልፋል። መኪና ውስጥ «ማሚ፣ ክዊት ላድርግ፣ ልተወው» አለችኝ።

«ከንፈርሽን ያምሻል እንዴ?»

«ኖ። ኳሱ ከመታኝ ግን አንቺ እየሮጥሽ ትመጫለሽ። ኤቭሪባዲ ያየኛል።»

ውይ! ለካ የፈራችው የእኔን መምጣት ነው።

አባቷ «ተያት በቃ፣ ዋና ትማር» አለ። እኔ ግን ማታ ትራሷን ገልጬ ጓንቱን አይቻለሁ፤ አሁንም እዚያው ነው። ስለዚህ ሁለተኛ «እኔን» ብዬ እንደማላሳፍራት ቃል ገባሁላትና እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ብቻ እንድትሞክር ለመንኳት። አሰልጣኙንም ይቅርታ ጠየቅኩት። ቀን ቀን ጣራ ሲሠራ የሚውል፣ አንገቱ በፀሐይ የቀላ ደግ ሰው ነው። ምን እያልኩ እንደጮህኩ ጠየቀኝ። «በአንቺ ፈንታ እኔን ይምታኝ ማለት ነው» አልኩት። ሳቀና «እንግዲህ አጥር ኋላ ከምትሰቃዪ ግቢና አግዢኝ» አለኝ።

ገባሁ! መጀመሪያ ያንን ሰልፍ በተንኩት። ሁለት ሁለት አድርጌ ፊት ለፊት አንበረከክኳቸው፤ ጓንታቸውን አስወለቅኩና በባዶ እጃቸው የቴኒስ ኳስ እንዲያንከባልሉ አደረግኩ። የቴኒስ ኳስ ቢመታም አያምም። የትኛው ጥንድ ነው ሳያመልጠው የሚቆየው ብዬ ሳፎካክራቸውማ፣ አቤት ጫጫታው! ሣር የሚነጭ ልጅ ጠፋ። አሰልጣኙም በመሃል በመሃል እየተዘዋወረ «ኳሱን እጃችሁ እስኪገባ ድረስ እዩት» ይላቸዋል።

ምላሴ ግን መች ያርፋል። የማንም ልጅ ይሁን፣ ኳስ ሲያገኘው «እኔን!» እላለሁ። ልጆቹ ትርጉሙን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ አለቀ! ከዚያ በኋላ አንዱ በተደናቀፈ ቁጥር ሁሉም ባንድ አፍ «እኔን!» ይላሉ። የሜክሲኮውም፣ የኮሪያውም፣ አሰልጣኙ ራሱም። ለልጄ ግን አልልም። እሷን ኳስ ሲመታት ከንፈሬን ነክሼ በሩቁ ወደሚታየው ተራራ አያለሁ። ልጆቹም እኔን አይተው ለእሷ ሲሆን ዝም ማለት ለመዱ። ቃል ቃል ነው።

የግንቦት መጨረሻ ደረሰ። አሰልጣኙ የቴኒስ ኳሶቹን ሰብስቦ እውነተኛውን፣ ደረቁን ኳስ አወጣና ልጄን ሦስተኛው ቤዝ በሚባለው የሜዳው ጥግ ላይ አቆማት። እኔ ከማዶ፣ አንደኛው ቤዝ አጠገብ ነኝ። «ዝግጁ?» አላት። ጉልበቷን አጠፈች፣ ጓንቷን መሬት አስነካች።

መታው። ኳሱ አፈሩን እየጫረ መጣና እግሯ ጋ ሲደርስ ነጥሮ ደረቷን አላት። ድምፁ እኔ ድረስ ተሰማ። እግሬ ሊነሳ ሲል በግድ ያዝኩት። ልጆቹ ሁሉ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያሉ።

ፊቷን አላዞረችም። ኳሱን ከእግሯ ሥር አፈፍ አድርጋ ወረወረችው፤ አንደኛው ቤዝ ላይ ያለው ልጅ ጓንት ውስጥ ጧ ብሎ ገባ። ልጆቹ ጮኹ፣ ዘለሉ። እሷ ደረቷን እያሻሸች ወደ እኔ ዞረች።

«ማሚ» አለች፣ ሁሉም እየሰማት፣ «ለእኔ አትይም እንዴ?»

እንባዬ ዱብ አለ። ካለሁበት ንቅንቅ ሳልል «እኔን!» አልኳት።