ነጩ ልብስ

መርሳ ከተማ፣ አክስቴ ቤት፣ በስልኬ የተዋጊ ጄት ጌም ይዣለሁ። ከየአገሩ ኦንላይን ከገቡ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር እየተኳኮስኩ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቅቄዋለሁ። አንዱ ከኋላዬ ገብቶ ሊመታኝ ሲል አክስቴ ያልደረቀ ነጭ ልብስ ታቅፈው ከግቢ እየሮጡ ገቡ። በጦርነቱ ጊዜ ነጭ ከሰማይ ይታያል ተብሎ፣ አውሮፕላን ሲሰማ መጀመሪያ ከገመድ የሚነሳው እሱ ነበር። ቀና ብዬ ሳያቸው ተመታሁ።

«ጌም እኮ ነው፣ ምን ነካዎ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«የሚያበረው ሰው አይደለም?» አሉኝ።

«ሰው ነው፤ ግን...» አልኩ። እንደተናደድኩ ልብሱን ተቀብያቸው ወጣሁ። አስጥቼ ስጨርስ ዞር ብዬ አየሁት፤ ገመዱን ትቼ፣ ነጩን ሁሉ ፀሐይ የማያገኘው የማንጎው ጥላ ሥር አስጥቼዋለሁ።