ግንቡ ደጃፍ ላይ የተነሣሁት ፎቶ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ፊት በተንበረከክኩ ቁጥር ጾም ስለ መሻሬ፣ ሰው ስለ ማማቴ እናዘዝና ይህቺን ብቻ ወደ ኋላ አስቀራታለሁ። እሳቸውም «ሌላስ የለም ልጄ?» ይሉኛል። «የለም አባቴ» እላለሁ። አለ። አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ዛሬ አንተ ስማኝ።

እናቴን የገደልኳት እኔ ነኝ። በእጄ አይደለም፤ በፎቶ ነው።

የተወለድኩት ከመካነ ሰላም ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ ቀበሌ ነው። አባቴ ቀድሞ ስለ ሞተ ቤቱ የእናቴ፣ የታናሽ እህቴ የይመኙሻልና የእኔ ነበር። አብዮቱ ከመጣ በኋላ በትምህርቴ ስለ ገፋሁ፣ መንግሥት የትራክተር ጥገና እንድማር ወደ ምሥራቅ ጀርመን ላከኝ። ከቀበሌያችን አውሮፕላን የተሳፈረ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነበርኩ። ሽማግሌዎቹ ሲሸኙኝ «ትልቅ ሰው ሆነህ ግባ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ልቤ ውስጥ በገባ ደግ ነበር፤ እሱ ግን አናቴ ላይ ወጣ።

እዚያ የምኖረው ከሌሎች ሦስት ተማሪዎች ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። በሁለተኛው ዓመት የይመኙሻል ደብዳቤ መጣልኝ። «ክረምቱ ዝናብ ሳይጥል አለፈ። ጥጃዋ ሞተች። እምዬ ደህና ናት፤ አንተ ብቻ ደህና ሁንልን» ይላል። የገበሬ ልጅ ነኝ። ዝናብ ሳይጥል አለፈ ማለት ምን እንደሆነ እንዴት አይገባኝም? ገብቶኛል። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

በዚያው ሳምንት እሑድ ትምህርት ቤቱ በአውቶቡስ ጭኖ አንድ የጥንት መስፍን ግንብ ሊያስጎበኘን ወሰደን። ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ነው። ወለሉ እንዳይጫር ብለው ከጫማችን በላይ የምናጠልቀው ሰፊ የሱፍ ጫማ ሰጡንና እየተንሸራተትን ከክፍል ክፍል ዞርን። አንዱ አዳራሽ ውስጥ ለአርባ ሰው የሚበቃ ገበታ ተዘርግቷል። ሳህኑም፣ ብርጭቆውም፣ የብር ማንኪያውም በየቦታው አለ፤ ምግብ ግን የለም። ሰው ተሰልፎ ባዶ ሳህን ያያል። እኔም ከጓደኞቼ ጋር ሳቅኩ። እናቴ በዚያን ሰዓት ምን ዓይነት ሳህን ፊት እንደ ተቀመጠች አላሰብኩም።

ከግንቡ ጀርባ የአትክልት ስፍራው አለ። ቁጥቋጦው እንደ ሕፃን ጸጉር ተከርክሟል፤ ጽጌረዳው በየቀለሙ ተለይቶ ተተክሏል። መካከሉ ላይ ውሃ ወደ ላይ ይረጭና ተመልሶ ይወርዳል። ማንም አይጠጣው፣ ማንም አይቀዳው። ይመኙሻል እንስራ አዝላ ገደል የምትወርድበት መንገድ ትዝ አለኝ። ትዝ ብሎኝስ ምን አደረግኩ? ከክፍል ጓደኛዬ ኮት ተዋስኩ፤ ግንቡ ደጃፍ ላይ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩና ፎቶ ተነሣሁ። ከጀርባው «እምዬ፣ የምኖርበት ቤት ይህ ነው። አታስቢ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

እናቴን ላጽናናት ብዬ ነው? ስንት ዓመት ለራሴ እንዲያ አልኩት። ውሸት ነው። እንዲደነቁልኝ ብዬ ነው። ፖስታውን ሳሽግ «አይ የእሷ ልጅ!» የሚለው የሰው ድምፅ በጆሮዬ ይመጣ ነበር።

ቀጥሎ የሆነውን የሰማሁት ተምሬ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ፖስታው የመጣው በደብሩ ቄስ እጅ ነበርና፣ እናቴ ማንበብ ስለማትችል እሳቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ፣ የፎቶውን ጀርባ ጮክ ብለው አነበቡላት። «አጃኢብ ነው!» ተባለ። እልል ተባለ። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

ረሃቡ ሲከፋ ጥቂት የእርዳታ ስንዴ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ያለው ከሌለው ይለይ ብሎ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰበ፤ ምስክሩ ጎረቤት ነው። የእናቴ ተራ ሲደርስ ሊቀ መንበሩ፣ «እማማ ጥሩነሽ፣ አንቱ ደግሞ ምን ሊሉ መጡ? ልጅዎ ቤተ መንግሥት እየኖረ!» አላት። ሕዝቡ አጉረመረመ። በክፋት አይመስለኝም፤ ስንዴው ትንሽ ነው፣ የራበው ብዙ ነው።

«ይንገሩን እንጂ፣ ግንቡ የልጅዎ አይደለም?»

«ልጄ ካለ ነው» አለች እናቴ።

ስሟ ተሰረዘ። «ልጅነት ነው፣ ጉራውን ነው» ብትል ይሰፈርላት ነበር። አላለችም።

ይመኙሻልን ወግዲ አክስታችን ዘንድ ሰደደቻት። እሷ ብቻዋን ወደ ወረኢሉ ተነሣች፤ እዚያ እህል ይታደላል የሚል ወሬ ነበር፣ ደግሞም የሚያውቃት የለም። አልደረሰችም። መንገደኞች ቀበሯት። መቃብሯን የሚያሳየኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ስመለስ ይመኙሻል አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እያለቀሰች፣ «ከዚያ ሁሉ ግንብ አንድ ቁና እንኳ መላክ አቃተህ፣ ወንድም ዓለም?» አለችኝ። «መንግሥት ከልክሎን ነው» አልኳት። አመነችኝ። በመጀመሪያው ውሸት ላይ ሁለተኛውን ጨመርኩ፤ ያውም በእናቴ ለቅሶ ላይ።

በማግስቱ ቄሱ ለብቻዬ ጠሩኝና ከመጻሕፍታቸው ሥር ያንን ፎቶ አወጡ። እናቴ ስትነሣ አደራ ሰጥታቸው ኖሯል። «ይያዙልኝ አባ፤ ይዤው ከሄድኩ እዚያም ስንዴ ይከለክሉኛል» ብላ ሳቀች አሉኝ። ደግሞም፣ «ያነበብኩላት ዕለት ወደ ቤት ስንሄድ ምን አለችኝ መሰለህ? ኮቱ የሰው ነው፣ እጅጌው አጥሮታል፤ ልጄ ብርድ ላይ ነው ያለው አለችኝ» አሉ።

ከመጀመሪያው ቀን ታውቅ ነበር። እያወቀች ሜዳ ላይ ቆማ ልጄ ካለ ነው አለች። የእኔ ስም ከሚዋረድ የእሷ ስም ተሰረዘ።

ቄሱ አርፈዋል። ይመኙሻል አሁን መካነ ሰላም ከተማ ልጆቿን አሳድጋ ትኖራለች። አጎታችሁ ግንብ ውስጥ ይኖር ነበር ትላቸዋለች። ባገኘችኝ ቁጥር «ምነው ያ ፎቶ ባልጠፋና ግድግዳዬ ላይ በሰቀልኩት» ትላለች። አልጠፋም። ደሴ፣ እኔ ቤት፣ ከልብስ ሣጥኔ ሥር ነው ያለው።

ዛሬ አወጣሁት። ከድሮው ጽሕፈቴ ሥር «አልኖርኩበትም፤ አንድ ቀን ጎበኘሁት። ኮቱም የሰው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ነገ ይዤላት እሄዳለሁ። ይመኙሻል ማንበብ ትችላለች። ይቅር በይኝ ግን አልላትም። የእናቷ ልጅ ናት፤ ገና አፌን ሳልከፍት ይቅር ትለኛለች።