ያልተጠራው ፍሬ

ቱርክ ውስጥ ማላትያ ሄዳችሁ አፕሪኮት የሚሉትን ፍሬ ምግብ ነው ብትሉ ይሳቅባችኋል። ሆዱን ለታመመ መድኃኒቱ እሱ ነው፣ ለአራስ እሱ ነው፣ ደም ላነሰውም እሱ ነው። ዶንዱ ሠላሳ በጋ ሙሉ ፍሬውን ፈልቅቃ ጣሪያ ላይ ስታሰጣ የኖረች፣ ትዳር ያልቀናት፣ ምላሷ የሚፈራ ሴት ናት። ኪሷ ከደረቅ አፕሪኮት ተለይቶ አያውቅም።

በዚያ በረዷማ ንጋት መሬት ተናውጣ የወንድሟ የሃይዳር ቤት ተደረመሰ። ሴት ልጁ ኤዝጊ፣ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ እግሯን ምሰሶ ተጭኗት አሥራ ስምንት ሰዓት ቆየች። ዶንዱ በጥፍሯ ጭምር ቆፈረች። ልጅቷ ስትወጣ ታወራ ነበር፤ እግሯም አልደማም። ሁሉም ተረፈች አለ።

ሆስፒታል ያገኙት ሐኪም ከሩቅ ከተማ ከኢዝሚር ለእርዳታ የመጣ፣ ሁለት ቀን እንቅልፍ ያላየ ወጣት ነው።

«እናቴ፣ የተጨፈለቀው ጡንቻ መርዙን ደሟ ውስጥ እየለቀቀ ነው። ትንሽ ልጅ ናት፣ ብዙ ሰዓት ተይዛለች፣ ግሉኮስም ዘግይቶባታል። ሽንቷ ቆሟል። ፖታሲየም ከበዛ ልብ ያቆማል። የኩላሊት እጥበት ተራዋ እስኪደርስ ፖታሲየም ያለበትን፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ድንች እንዳትሰጫት።»

«ሙዝ ከየት አባቴ አመጣለሁ?» አለች ዶንዱ።

አፕሪኮት አላለም። የኢዝሚር ሰው ምኑን ያውቃል!

አመሻሹ ላይ ልጅቷ፣ «አክስቴ፣ ራበኝ» አለች።

«ሐኪሙ ከልክሏል፣ ዝም በይ።»

«ኪስሽ ያለውንም?»

ዶንዱ አሰበች። እሱንስ ማን ከለከለ? ሦስት ሰጠቻት። ልጅቷ ደግማ ለመነቻት፤ የቀረውን ሁሉ ሰጠቻት።

ተራዋ ሳይደርስ ጠዋት ላይ የኤዝጊ ልብ ቆመ። ዶንዱ ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ያዘችው።

«አፕሪኮትስ?»

«ደረቁ ከሙዝም ይብሳል» አለ። ፊቷን ሲያይ ደግሞ፣ «ፖታሲየሟ ቀድሞም ከፍ ብሎ ነበር፣ እናቴ» ብሎ ጨመረ። አልሰማችውም።

ሬሳው ተቀብሮ ድንኳን ውስጥ ሲቀመጡ ለቀስተኛው ሁሉ ዶንዱን አመሰገነ፤ በእጇ ቆፍራ ያወጣቻት እሷ ናት እያለ። ምስጋናው እንደ እሾህ ወጋት። ሰው ሲሳሳ ወንድሟ አጠገብ ተጠግታ ሁሉንም ነገረችው።

ሃይዳር ቀና ብሎ አያት። «እትዬ፣ ርቧት ነበር?»

«በጣም።»

«ጣፈጣት?»

«ጨምሪልኝ አለችኝ።»

«እንግዲህ ልጄ ርቧት አልሞተችም» አለና እጇን ሳመው።

ቢረግማት ይሻላት ነበር።